አባ ዕንባቆም

አባ ዕንባቆም (እ.ኤ.አ. 1470 ገደማ – 1560ዎቹ) በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መነኩሴ፣ ጸሐፊና ተርጓሚ ሲሆኑ የደብረ ሊባኖስ ገዳም 11ኛው እጨጌ ነበሩ። ትውልዳቸው ከየመን ነው፤ በእጨጌነት መንበር የተቀመጡ ብቸኛው የውጭ አገር ተወላጅም ናቸው። በይበልጥ የሚታወቁት ለኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም (ግራኝ አሕመድ) በጻፉት አንቀጸ አሚን እና እ.ኤ.አ. በ1553 ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ በመለሱት በረላም ወይዋስፍ በተባለው መጽሐፍ ነው። የዚህ የሁለተኛው መጽሐፍ መነሻ የቡድሃ የሕይወት ታሪክ ስለሆነ፣ በቡድሂስቶች ዘንድ ሲነገር የኖረ ትረካና ምክር በእርሳቸው ብዕር ወደ ግዕዝ ሥነ ጽሑፍ ገብቷል።

የመጀመሪያ ሕይወት

ዕንባቆም በየመን በእስልምና እምነት ያደጉ ሲሆን የቀድሞ ስማቸው አቡል ፈትሕ ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ገደማ ከምርኮ ከሚመለስ ኢትዮጵያዊ ጋር ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ወደ ክርስትና የገቡት ግን ወዲያውኑ አልነበረም። ቁርኣን ስለ መሲሑ የሚናገረውን ክፍል ካስተዋሉ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሲመረምሩና ሲያመነቱ ቆይተው በደብረ ሊባኖስ በእጨጌ ጴጥሮስ እጅ ተጠመቁ፤ ዕንባቆም የሚለውንም ስም ወሰዱ። ስሙ ከብሉይ ኪዳን ነቢያት የአንዱ ነው።

ከዚያ በኋላ በገዳሙ መነኮሱ፤ ግዕዝም ተማሩ። ገድላቸው ከዐረብኛና ከግዕዝ ሌላ ቅብጥ፣ ሱርስት፣ ዕብራይስጥና የፖርቱጋል ቋንቋን ጨምሮ ብዙ ቋንቋዎችን ያውቁ እንደነበር ይተርካል። በዚያ ዘመን አብዛኞቹ ወደ ግዕዝ የሚመለሱ መጻሕፍት ከዐረብኛ ይተረጎሙ ስለነበር፣ ዐረብኛን ከእናታቸው አፍ የተማሩ መነኩሴ ለገዳሙ ትልቅ ሀብት ነበሩ። የዮሐንስ አፈወርቅን የዕብራውያን መልእክት ትርጓሜ ወደ ግዕዝ በመመለስ ሥራም ተሳትፈዋል። የአቡሻክር የዘመን አቆጣጠርና የታሪክ መጽሐፍ ትርጉምም ከእርሳቸው ስም ጋር ይያያዛል።

ደብረ ሊባኖስና የሐይቅ ገዳም

የዕንባቆም ገዳም ሥሩ በወሎ ነው። በዛሬው ደቡብ ወሎ፣ ከደሴ ከተማ በስተ ሰሜን፣ አርዲቦና ሐይቅ የተባሉ ሁለት ሐይቆች ጎን ለጎን ይገኛሉ። አርዲቦ በከፍታ ይበልጣል፤ ከእርሱ የሚወጣው ወንዝም ወደ ሐይቅ ይፈሳል። በታችኛው ሐይቅ ላይ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ መሪነት ትልቅ የትምህርትና የመጻሕፍት ማዕከል ሆኖ ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዚያ ተምረው ከቆዩ በኋላ ወደ ሸዋ ተመልሰው ደብረ አስቦን መሠረቱ። ደብረ አስቦ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ደብረ ሊባኖስ ተባለ።

የሐይቅ እስጢፋኖስ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት፣ የደብረ ሊባኖስ አበምኔት ደግሞ እጨጌ ይባሉ ነበር። ሁለቱም በቤተ መንግሥቱ ዘንድ ትልቅ ሥልጣን የነበራቸው ሹመቶች ናቸው። ስለዚህ የመናዊው መነኩሴ የወረሱት መንበር ከሐይቅ ዳር የተነሣ የምንኩስና ዘር ነው።

እጨጌነትና ስደት

ዕንባቆም እጨጌ የሆኑት በአፄ ልብነ ድንግል ዘመነ መንግሥት (1508–1540 እ.ኤ.አ.) ነው። ሹመቱ በሰላም አልዘለቀም። ለንጉሡ ታማኝ አይደሉም የሚል ክስ ቀርቦባቸው ከመንበራቸው ተነሥተው ተሰደዱ። ከአንድ ዓመት ያህል በኋላ ንጉሡ ይቅርታ ቢያደርጉላቸውም ወደ ቀድሞ ሥልጣናቸው ሳይመለሱ ከደብረ ሊባኖስ በስተ ደቡብ ወዳለው ወረብ ሄደው ተቀመጡ።

ጦርነቱና አንቀጸ አሚን

እ.ኤ.አ. በ1529 ኢማም አሕመድ የልብነ ድንግልን ጦር በሽምብራ ቁሬ ድል ካደረገ በኋላ ጦርነቱ ወደ መሀል አገር ተስፋፋ። በ1531 ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ። በዚያው ዓመት የኢማሙ ጦር ወደ ወሎ ዘልቆ ሐይቅ ደረሰ፤ በውሃ ተከብቦ የነበረው የእስጢፋኖስ ገዳም ሀብትም ተወሰደ። ዘመቻውን የተረከው ፉቱሕ አል ሐበሻ የተሰኘው የዐረብኛ መጽሐፍ ይህን ታሪክ በዝርዝር ይዟል።

ዕንባቆም በእነዚህ ዓመታት ከቦታ ወደ ቦታ ሲሸሹ ኖሩ። በዚህ መካከል አንቀጸ አሚን (የእምነት በር) የተባለውን ድርሰት ለኢማሙ ጻፉ። ድርሰቱ የእስልምናን ትምህርት የሚሞግትና ክርስትናን የሚከላከል ነው። ከሌሎች የዘመኑ ጽሑፎች የሚለየው ጸሐፊው ቁርኣንን በዐረብኛ አንብበው የሚያውቁ መሆናቸው ነው። ክርክራቸውን ከዚያው መጽሐፍ እየጠቀሱ ያቀርባሉ፤ ከእስልምና ወደ ክርስትና የመጡበትን መንገድም ያወሳሉ። ድርሰቱን የኔዘርላንዱ ምሁር ፋን ዶንዜል እ.ኤ.አ. በ1969 አሳትመውታል።

ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1543 ኢማሙ ወይና ደጋ ላይ ሲገደል አበቃ። በአባታቸው እግር በ1540 የተተኩት አፄ ገላውዴዎስ የወረሱት ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና መጻሕፍት የተቃጠሉበት አገር ነበር። ሃይማኖታቸውን የለወጡ ሰዎች ወደ ቀድሞው ሲመለሱ፣ የጠፉ መጻሕፍት እንደገና ሲገለበጡና አዳዲስ ሲተረጎሙ የታየው በእርሳቸው ዘመን ነው። ገላውዴዎስ ዕንባቆምን ወደ ቤተ መንግሥታቸው ጠርተው አማካሪያቸው አደረጓቸው።

የበረላም ወይዋስፍ ትርጉም

ዕንባቆም በረላም ወይዋስፍን ለአፄ ገላውዴዎስ የተረጎሙት እ.ኤ.አ. በ1553 ነው። የግዕዙ መጽሐፍ በመዝጊያው ላይ ታሪኩ በበርሱማ የአቡል ፈረጅ ልጅ ከህንድ ቋንቋ ወደ ዐረብኛ እንደተመለሰ፣ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ደግሞ በዕንባቆም እንደተተረጎመ ይገልጻል። ምሁራን እንዳረጋገጡት ዕንባቆም የተጠቀሙበት የክርስቲያኖች ዐረብኛ ቅጂ የተመለሰው ከግሪክኛ ነው። ይሁን እንጂ የታሪኩ ሥር ህንድ መሆኑ እውነት ነው።

የታሪኩ ፍሬ ነገር ይህ ነው። አንድ የህንድ ንጉሥ ልጅ ከወለደ በኋላ ልጁ ዓለምን ንቆ እንደሚመንን ኮከብ ቆጣሪ ይነግረዋል። ንጉሡ መነኮሳትን የሚያሳድድ ነበርና ደንግጦ ለልጁ ያማረ ቤተ መንግሥት ሠርቶ በዚያ ያሳድገዋል። በሽታ፣ እርጅናና ሞት የሚባል ነገር በልጁ ፊት እንዳይነሣ ይከለክላል። ልጁ ይዋስፍ አድጎ ወደ ውጭ ሲወጣ ግን በሽተኛና ዐይነ ስውር ያያል፤ ቀጥሎም በእርጅና የጎበጠ ሽማግሌ ያገኛል፤ ሰው ሁሉ ሟች መሆኑንም ይረዳል። በዚህ ሲጨነቅ በረላም የተባለ ባሕታዊ ነጋዴ መስሎ፣ የከበረ ዕንቁ ይዣለሁ ብሎ ወደ እርሱ ይገባል። ዕንቁው እምነት ነው። በረላም በምሳሌ እያስተማረ ልጁን ያጠምቀዋል። በመጨረሻ አባትየውም ያምናል፤ ይዋስፍም መንግሥቱን ትቶ ወደ በረሃ ይወርዳል።

ታሪኩ ከህንድ የመጣበት መንገድ

ይህ ታሪክ በቡድሂስቶች ዘንድ የሚነገረው የሲዳርታ ጎታማ ታሪክ ነው። በዚያም አባቱ በቤተ መንግሥት ከልሎ ያሳደገው ልዑል ሽማግሌ፣ በሽተኛ፣ ሬሳና መናኝ አይቶ ቤቱን ጥሎ ይወጣል። ከብዙ ተጋድሎ በኋላም ቡድሃ፣ ማለትም የነቃው፣ ይባላል። ቡድሃ ከመሆኑ በፊት ያለው መጠሪያው ቦዲሳትቫ ነው። ስለ ቀደሙ ልደቶቹ የሚነገሩት ጃታካ የተባሉ ተረቶችም በፓሊ ቋንቋ ስብስብ ውስጥ ብቻ 547 ይደርሳሉ። በነዚህ ተረቶች ቦዲሳትቫው አንዳንድ ጊዜ ሰው፣ ሌላ ጊዜ ዝንጀሮ፣ አጋዘን ወይም ዝሆን ሆኖ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ልግስናና ስለ ርኅራኄ ያስተምራል።

የልዑሉ ታሪክ ከህንድ በመካከለኛው እስያና በፋርስ በኩል አልፎ በ8ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ወደ ዐረብኛ ገባ። ቦዲሳትቫ የሚለው ስም በዐረብኛ ቡዳሳፍ ሆነ። በዐረብኛ አጻጻፍ በቃል መጀመሪያ ላይ የ«በ» እና የ«የ» ድምፅ ፊደላት የሚለዩት ከሥራቸው ባሉት ነጥቦች ብቻ ነው፤ አንደኛው አንድ ነጥብ፣ ሁለተኛው ሁለት ነጥብ አለው። ገልባጮች ነጥብ ሲጨምሩ ቡዳሳፍ ዩዳሳፍ ተባለ። ከዚያ በጆርጂያኛ ዮዳሳፍ፣ በግሪክኛ ዮአሳፍ፣ በግዕዝ ይዋስፍ ሆነ።

ታሪኩን መጀመሪያ የክርስቲያን መልክ የሰጡት ጆርጂያውያን ናቸው። ከጆርጂያኛ ወደ ግሪክኛ የመለሰው በአቶስ ተራራ የነበረውና በ1028 ያረፈው መነኩሴ ኤውቲሚዮስ መሆኑን ብዙ ምሁራን ይቀበላሉ፤ ቀደም ሲል መጽሐፉ የዮሐንስ ዘደማስቆ ሥራ ነው ይባል ነበር። ከግሪክኛ ወደ ላቲን፣ ወደ ዐረብኛና ወደ ብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ተዛመተ። በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ሁለቱ በቅዱሳን ዝርዝር ገብተው ኖቬምበር 27 ቀን ይታሰቡ ነበር። በጎዋ የኖረው ፖርቱጋላዊ ታሪክ ጸሐፊ ዲዮጎ ዶ ኩቶ እ.ኤ.አ. በ1612 የይዋስፍና የቡድሃ ታሪክ መመሳሰሉን ጽፎ ነበር። ጉዳዩ በምሁራን ዘንድ በሰፊው የታወቀው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው።

ምሳሌዎቹና ትምህርታቸው

በረላም ልጁን የሚያስተምረው በአጫጭር ምሳሌዎች ነው። ታሪኩ በየሃይማኖቱ ቢለዋወጥም ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ሳይለወጡ ተሻግረዋል። ከታወቁት መካከል የሚከተሉት ይገኙበታል።

በጉድጓድ ውስጥ ያለው ሰው፦ አንድ ሰው ከአውሬ ሲሸሽ ጉድጓድ ውስጥ ይወድቅና የዛፍ ቅርንጫፍ ይዞ ይንጠለጠላል። አውሬው በግሪኩ ቅጂ ባለ አንድ ቀንድ እንስሳ፣ በጥንቱ የዐረብኛ ቅጂ ደግሞ ዝሆን ነው። ወደ ታች ሲመለከት ዘንዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል። ሁለት አይጦች፣ አንዱ ነጭ ሌላው ጥቁር፣ የዛፉን ሥር እየጎረደሙ ነው። በዚህ ጊዜ ከቅርንጫፉ ጥቂት ማር ሲንጠባጠብ ያይና ሁሉን ረስቶ ማሩን ይልሳል። አውሬው ሞት፣ አይጦቹ ቀንና ሌሊት፣ ማሩ የዓለም ጣዕም ነው። ይህ ምሳሌ በማሃባራታም ስለሚገኝ የሂንዱዎች፣ የጃይኖችና የቡድሂስቶች የጋራ ሀብት ነው።

የአንድ ዓመት ንጉሥ፦ አንዲት ከተማ እንግዳ ሰው እያመጣች ለአንድ ዓመት ታነግሣለች፤ ዓመቱ ሲሞላ ራቁቱን ወደ ሩቅ ደሴት ትሰደዋለች። የነገሡት ሁሉ በድሎት ቆይተው በደሴቲቱ በረሃብ ያልቃሉ። አንዱ ብልህ ግን ልማዱን አስቀድሞ ያውቅና በሥልጣኑ ዘመን ወርቁንና ብሩን ወደዚያው ይልካል። ሲሰደድ ስንቁ ቀድሞት ይጠብቀዋል። ትምህርቱ ሰው ለሚሄድበት ዓለም ምጽዋትና በጎ ሥራ አስቀድሞ ይላክ የሚል ነው።

ሦስቱ ወዳጆች፦ አንድ ሰው ሁለት እጅግ የሚወዳቸውና አንድ ችላ የሚለው ወዳጆች አሉት። ንጉሥ ለዕዳ ሲጠራው የመጀመሪያው ጥቂት ጨርቅ ብቻ ይሰጠዋል፤ ሁለተኛው ጥቂት መንገድ ሸኝቶት ይመለሳል። የተናቀው ሦስተኛው ግን ቀድሞት ሄዶ ይማልድለታል። የመጀመሪያው ገንዘብ ነው፤ ከእርሱ የሚተርፈው መገነዣ ብቻ ነው። ሁለተኛው እስከ መቃብር የሚሸኝ ቤተ ዘመድ፣ ሦስተኛው በጎ ሥራ ነው።

ወፏና አዳኙ፦ የተያዘች ወፍ ብትለቀኝ ሦስት ምክር እሰጥሃለሁ ትላለች፦ የማይቻለውን አትሞክር፣ ባለፈው አትጸጸት፣ የማይታመነውን አትመን። ከተለቀቀች በኋላ በሆዴ ከሰጎን እንቁላል የሚበልጥ ዕንቁ ነበረ ስትለው አዳኙ ተጸጽቶ እንደገና ሊይዛት ይነሣል። ወፏም እርሷ ራሷ የሰጎን እንቁላል እንደማታክል አስታውሳው ሦስቱንም ምክር በአንድ ጊዜ እንደጣለ ትነግረዋለች።

አራቱ ሣጥኖች፦ አንድ ንጉሥ ሁለት ሣጥን በወርቅ ለብጦ የበሰበሰ አጥንት ይሞላባቸዋል፤ ሌሎች ሁለት ሣጥኖች በቅጥራን ቀብቶ ዕንቁና ሽቶ ያስቀምጥባቸዋል። መኳንንቱ የወርቁን ውድ፣ የቅጥራኑን ርካሽ ብለው ይገምታሉ። ንጉሡም ሁሉንም ከፍቶ ያሳፍራቸዋል፤ ቡትቶ የለበሱ መናኞችን ስላከበረ ነቅፈውት ነበርና።

በቡድሂዝምና በክርስትና ያለው ልዩነት

ሁለቱ ሃይማኖቶች ከአንድ ታሪክ የሚያወጡት ትምህርት አንድ አይደለም። በቡድሂዝም የሥቃይ ምንጭ ምኞት ነው፤ ልዑሉ የሚወጣው ምኞቱን አጥፍቶ ከልደትና ከሞት ዑደት ነፃ ለመሆን ነው፤ መንገዱንም በራሱ ጥረት ያገኛል። በክርስቲያኑ ቅጂ ይዋስፍ የሚፈልገው ፈጣሪን ነው፤ መንገዱንም የሚያሳየው አስተማሪ ይላክለታል፤ ፍጻሜውም የዘላለም ሕይወት ነው። የሚጋሩት ዓለም አላፊ መሆኗን፣ ሀብትና ሥልጣን ከሞት እንደማያድኑና የተናቀ ሰው ከባለ ዘውድ ሊበልጥ እንደሚችል ነው።

ይህ የጋራ ትምህርት ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አልነበረም። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት አፄ ካሌብ ዘውዳቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ልከው መንነዋል፤ ዙፋኑን የሚተው ንጉሥ በገድላት የታወቀ ምሳሌ ነው። ተከልሎ የሚያድግ ልዑልም እንዲሁ በአገሩ የሚታወቅ ነገር ነበር። በአምባሰል፣ በግሸን አምባ ላይ፣ የነገሥታቱ ወንድ ዘመዶች በዙፋን እንዳይሻሙ ተጠብቀው ይኖሩ ነበር፤ የልብነ ድንግል አባት አፄ ናዖድም እ.ኤ.አ. በ1494 ለንግሥና የመጡት ከዚያው ነው። ይዋስፍ የተከለለው ኀዘን እንዳያይ፣ የግሸን ልዑላን ግን ሥልጣን እንዳይሹ መሆኑ ሁለቱን ይለያቸዋል። ግሸንም በጦርነቱ ተይዞ በላዩ የነበሩት ተገድለዋል። መጽሐፉ ለገላውዴዎስ ሲተረጎም ይህ ሁሉ ከዐሥር ዓመት ብዙም ያልራቀ ትዝታ ነበር።

የመጨረሻ ዘመን

ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1559 በጦርነት ሞቱና ወንድማቸው አፄ ሚናስ ነገሡ። ሚናስ በጦርነቱ ጊዜ ተማርከው ወደ ዕንባቆም የትውልድ አገር ወደ የመን ተልከው የነበሩ፣ በኋላም በኢማሙ ልጅ ተለውጠው የተመለሱ ንጉሥ ናቸው። ዕንባቆም በስተርጅና ወደ ደብረ ሊባኖስ ተመለሱ፤ በ1560ዎቹም አረፉ።

ቅርስ

የዕንባቆም ገድል በግዕዝ ተጽፎ ይገኛል፤ ጣሊያናዊው ምሁር ላንፍራንኮ ሪቺም ከተከታያቸው ከአባ ዮሐንስ ገድል ጋር አሳትመውታል። የበረላም ወይዋስፍን የግዕዝ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር ያሳተሙት ዋሊስ በጅ ሲሆኑ ኅትመቱ እ.ኤ.አ. በ1923 በካምብሪጅ ወጥቷል።

በታሪክ አጥኚዎች ዘንድ ዕንባቆም በሁለት ሥራዎቻቸው ይታሰባሉ። አንቀጸ አሚን በሁለት ሃይማኖቶች መካከል ያለውን ልዩነት አጉልቶ የሚያሳይ የክርክር መጽሐፍ ነው። በረላም ወይዋስፍ ደግሞ በተቃራኒው የቡድሂስቶች ልዑል በሙስሊሞች ቋንቋ አልፎ በክርስቲያን ገዳም የተነበበበት መጽሐፍ ነው። ሁለቱንም ሊሠሩ የቻሉት ከየመን ይዘውት በመጡት ዐረብኛ ነው።